በአምቦ መስመር ቤቶች ያደረ ዝምታ

ከ1969 እስከ 1971 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከተሞች የተካሄደው ቀይ ሽብር ስንት ሰው እንደፈጀ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ ግምቱ ከአሥር ሺዎች ተነሥቶ መቶ ሺዎች ይደርሳል። ከሟቾቹ ቁጥር ያነሰ የተጻፈበት ጉዳይ ከግድያው በኋላ በየቤቱ የሰፈነው ዝምታ ነው። ልጁ የተገደለበት ቤት ዝም አለ፤ አባት የቀበሌ ታጣቂ የነበረበት ቤት ዝም አለ፤ ከእስር የተመለሰ ሰው ያለበት ቤትም እንዲሁ። ምክንያታቸው ግን የተለያየ ነበር። በእነዚህ ቤቶች ያደጉ ልጆች ስለ ወላጆቻቸው ወጣትነት የሚያውቁት ከጎረቤት፣ ከፍርድ ቤት ወይም ከመጽሐፍ የሰሙትን ነው፤ ከወላጆቻቸው አፍ የሰሙት እምብዛም ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚዘልቀው መንገድ ይህን ታሪክ ለመከተል ይመቻል። መንገዱ ታጠቅ ጦር ሰፈርን፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን፣ አምቦንና ጉደርን አልፎ ጌዶ ይደርሳል። ጌዶ ከአምቦ በስተ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ደጋው ላይ የተቆረቆረች የጨሊያ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከእርሷ ወዲያ መንገዱ ወደ ባኮና ወደ ነቀምት ይወርዳል። በአብዮቱ ዘመን አካባቢው በሸዋ ክፍለ ሀገር የጅባትና ሜጫ አውራጃ ይባል ነበር። የአውራጃው ከተማ አምቦ ስትሆን በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት የሚል ስም ነበራት። ጌዶን የመሰለ የመንገድ ዳር ከተማ ከአዲስ አበባ የሚለየው በትንሽነቱ ነው። በዋና ከተማው ልጇ የተገደለባት እናት ሰፈር ለመቀየር ትችል ይሆናል። በትንሽ ከተማ ግን ያሳሰረው ሰውና የታሳሪው እናት በአንድ እድር ያዋጣሉ፤ ቅዳሜ አንድ ገበያ ይወጣሉ፤ ልጆቻቸውም አንድ ክፍል ይማራሉ። እዚያ ዝም ማለት ጎን ለጎን ለመኖር የተገኘ ብቸኛ መላ ነበር።

መላው ከአብዮቱ በፊትም የታወቀ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከጅባትና ሜጫ ጫካ የገቡ አርበኞች ነበሩ፤ ለጣሊያን ያደሩም ነበሩ፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ከአንድ ዘር የሚወለዱ ናቸው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሲገቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ለሕዝባቸው አሳሰቡ። ደም መፋሰሱን ለመግታት የረዳ ውሳኔ እንደነበር አያጠራጥርም። ከዚያ በኋላ ግን ለጣሊያን ያገለገሉ ብዙ ሰዎች ሹመት ሲያገኙ በረሃ የከረሙ አርበኞች ቅር ተሰኙ፤ ከጎጃም አርበኞች ስመ ጥሩው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጡ። በየቤቱ የሆነው የዚሁ ነጸብራቅ ነበር። የአርበኛ ልጅ ኒሻን፣ ፎቶግራፍና ተረክ ወረሰ። የባንዳ ልጅ የአባቱን የአምስት ዓመት ታሪክ የሚሰማው በመሬት ሙግት ወይም በጠብ መካከል ከባላጋራው አፍ ነበር።

የቤት ዝምታ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በላይ ዘለቀ በተሰቀሉበት ዓመት፣ በሚያዝያ 1937 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ናዚ ጀርመን እጇን ሰጠች። በምዕራብ ጀርመን ቀጣዮቹ ዓመታት የመልሶ ግንባታና የዝምታ ዓመታት ነበሩ። ከጦር ግንባር ወይም ከምርኮ የተመለሱ አባቶች ስለ ረኃቡና ስለ ብርዱ ቢያወሩም የአይሁድ ጎረቤቶቻቸው የት እንደገቡ አያነሡም ነበር። ዝምታው መሰንጠቅ የጀመረው በአቃቤ ሕግ ፍሪትዝ ባወር ጥረት በታኅሣሥ 1956 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ላይ የአውሽቪትዝ ማጎሪያ ሠራተኞች ለፍርድ ሲቀርቡ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወላጆቻቸውንና መምህሮቻቸውን በናዚ ዘመን ምን እንደሠሩ ፊት ለፊት መጠየቅ ያዙ።

በዚያው ጊዜ በጀርመን ከተሞች ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችም ነበሩ። የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ፣ መኢሶን፣ የተመሠረተው በነሐሴ 1960 ዓ.ም. ሐምቡርግ ውስጥ ነው። በኋላ የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ፣ ኢሕአፓ፣ የሆነው ድርጅት መሥራች ጉባኤውን ያደረገው በሚያዝያ 1964 ዓ.ም. በርሊን ላይ ነው። ሁለቱ ድርጅቶች ከአውሮፓ ይዘው የተመለሱት የማርክስንና የሌኒንን ንድፈ ሐሳብ ነበር። በጀርመን እኩዮቻቸው ቤት ማታ ማታ ራት ላይ የሚነሣው ክርክር ግን እነርሱን የሚመለከት አልመሰላቸውም፤ በጊዜው የሚያፍሩበት ነገር ስላልነበራቸው አይፈረድባቸውም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን ሥልጣኑን የያዘው ወታደራዊ ደርግ 60 ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ አብዛኞቹ የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናትና መኮንኖች ነበሩ። ከሟቾቹ አንዱ ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ናቸው። ጀርመን ውስጥ ይማሩ የነበሩት ልጃቸው አስፋ ወሰን አሥራተ እዚያው ቀርተው በጀርመንኛ የሚጽፉ የታሪክ ጸሐፊ ሆኑ። ታኅሣሥ 12 ቀን ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሠማሩ። በመጋቢት ደግሞ ጄኔራል ታደሰ ብሩና ኮሎኔል ኃይሉ ረጋሳ ተረሸኑ። የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ዋና ሰው የነበሩት ጄኔራል ታደሰ በዚህ መስመር ከተሞች ስማቸው የታወቀና የተወደደ ስለነበር ሞታቸው ብዙ ቤት ገባ።

ይሁን እንጂ በኋላ የመጣው ዝምታ ደስታንም አብሮ ቀብሯል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በምዕራብ ሸዋ ለሚኖር ጭሰኛ የዘመናት ቀንበር መሰበር ነበር። የአምቦ መስመር ገበሬ በሚያርሰው መሬት ለራሱ ተጠቃሚ ሆነ፤ የባለ መሬቱ ድርሻ ቀረ፤ ልጆቹ ስለ ለውጡ የሚዘምሩ ተማሪዎች ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሐዘን የገባበት ቤት ብዙ ጊዜ ቀድሞ እልል ያለ ቤት ነው። ለልጅ ለማስረዳት የሚከብደው አንዱ ነገር ይኸው ነው፦ የገደለውን መንግሥት ቤተሰቡ ራሱ ደግፎት እንደነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ ቁጥር 47/1967፣ የቀበሌ ማኅበራትን አቋቋመ። ቀበሌ መጀመሪያ አነስተኛ ኪራይ የሚሰበስብ፣ ጥቃቅን ክርክር የሚዳኝ፣ የሰፈር ሰው ከመካከሉ የሚመርጠው አካል ነበር። በኋላ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ተጨመረለት፤ ጓዱ ጠመንጃ ታጠቀ፤ የቀበሌው ጽሕፈት ቤትም አንድ ክፍሉ እስር ቤት ሆነ። ሥልጣኑ እጅግ ቅርብ መሆኑ ከኋላው የመጣውን ሁሉ ወሰነ። በናዚ ጀርመን አፋኙ ብዙ ጊዜ ደንብ ልብስ ለብሶ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሰው ነበር። በቀበሌ ግን በሌሊት በር የሚያንኳኳው ድምፁ የሚታወቅ ጎረቤት ነው።

በመስከረም 1969 ዓ.ም. በሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። ኢሕአፓ የመኢሶንንና የቀበሌ ሹሞችን ማደን ሲጀምር ደርግ ድርጊቱን ነጭ ሽብር አለው። ጥር 26 ቀን የደርጉ ሊቀ መንበር ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ባልደረቦቻቸው ተገድለው ሥልጣኑ በመንግሥቱ እጅ ተጠቃለለ። በመጋቢትና በግንቦት በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ተካሄደ። ሚያዝያ 9 ቀን መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች ከስክሰው የጠላት ደም እንደሚፈስ አወጁ። በሚያዝያ 21 ሌሊት ለሜይ ዴይ ሰልፍ ሲዘጋጁ የተያዙ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አዲስ አበባ ውስጥ ተገደሉ፤ ብዙዎቹ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ።

እስከዚያ ድረስ መኢሶን ከደርግ ጎን ነበረ፤ ካድሬዎቹም በየቀበሌው ሥራውን ይመሩ ነበር። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. መኢሶን ራሱ ከደርግ ተጣልቶ ኅቡዕ ገባ። የትናንቱ መርማሪ ዛሬ ተመርማሪ ሆነ። የድርጅቱ መሪ ኃይሌ ፊዳ የወለጋ አርጆ ሰው ነበሩ፤ ድርጅቱም ሆነ በባሮ ቱምሳ የሚመራው ኢጭአት የተባለው ድርጅት በምዕራቡ በተማረው ኦሮሞ ዘንድ ሰፊ ደጋፊ ነበራቸው። ስለዚህም ከአምቦ እስከ ነቀምት ባሉ ከተሞች ታሪኩን ገዳይና ሟች ብሎ መክፈል ከሌላው አካባቢ ይልቅ ያስቸግራል። አንድ መምህር በመጋቢት አሳሪ፣ በመስከረም ታሳሪ፣ በጥር ሟች ሊሆን ይችል ነበር። ልጁ ታዲያ የየትኛው አባት ልጅ ነው? ቤተሰቡ ለዚህ መልስ ስላልነበረው ጥያቄው እንዳይነሣ አደረገ።

ዝምታው በከፊል በትእዛዝ የመጣ ነው። በቀይ ሽብር ወራት የተገደሉ ወጣቶች አስከሬን ደረቱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት መንገድ ዳር ይጣል ነበር። ወላጅ ቀርቦ እንዲያለቅስ አይፈቀድም። አስከሬን ለመውሰድ የሚፈልግ ቤተሰብ የጥይቱን ዋጋ እንዲከፍል የተጠየቀበት ጊዜ ነበር። ብዙዎቹ ደግሞ በጅምላ ጉድጓድ ተቀበሩ። የለቅሶ ድንኳን መትከል፣ ደረት መምታት፣ ማቅ መልበስ ራሱ፣ ደርግ ኢሕአፓን በሚጠራበት ስም፣ የአናርኪስት ወገንተኛ ያስብል ነበር። በዚህ አገር ሐዘን የአደባባይ ሥራ ነው። እድር ድንኳን ይተክላል፤ አልቃሽ የሟቹን ሥራ እየጠራች ታስለቅሳለች፤ ሰልስት፣ አርባና ተዝካር ይከተላሉ። በሕዝብ ፊት የሟቹ ታሪክ ተጠቃሎ የሚነገረውም፣ ልጆችም የሚሰሙት በዚያ ነው። ለቅሶው ሲከለከል የቤተሰብ ታሪክ የሚተላለፍበት ዋናው በር አብሮ ተዘጋ።

የቀረውን ቤተሰቡ ራሱ አጠፋው። በአሰሳው ሰሞን መጽሐፍ፣ በራሪ ወረቀት፣ ደብዳቤና የማስታወሻ ደብተር ምድጃ ገባ፤ ያልተቃጠለው ሽንት ቤት ተጣለ ወይም ጓሮ ተቀበረ። የሟቹ ፎቶግራፍ ከግድግዳ ወርዶ ሣጥን ውስጥ ገባ። ለሕፃናት የሚነገረው አጭር ነበር፦ ወንድምህ ውጭ አገር ሄዷል፤ አጎትሽ ታሞ ነው የሞተው። ከእነዚያ ዓመታት በኋላ የተወለደ ልጅ ምትኩ ወይም ካሣ ተብሎ ሲጠራ የማን ምትክ እንደሆነ ላይነገረው ይችል ነበር። ለሕፃን የማይነገርበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ሕፃን ምሥጢር አይችልም፤ ጎረቤቱም ቀበሌ ነው።

በዚያው በሽብሩ ዓመት ሌላ ዓይነት ዝምታ በገጠሩ ገባ። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር ደርግ ከየገበሬ ማኅበሩ ሚሊሺያ መለመለ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከዚሁ መንገድ ዳር ባለው ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው የገበሬ ጦር በመንግሥት አገላለጽ 300,000 ደርሷል። ጥቂት ወደ ምዕራብ ሲኬድ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ራሳቸው የተመረቁበት የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት አለ። ሚሊሺያው ከምሥራቁ ጦርነት በኋላ ወደ ኤርትራ ተላከ። የብዙዎቹ ቤተሰቦች መርዶ አልመጣላቸውም። ሚስት መበለት ትሁን ባለ ትዳር ሳታውቅ ዓመታት ታልፋለች፤ ልጅም አባቱን ሞቷል ብሎ እንዳያለቅስ፣ ይመጣል ብሎ እንዳይጠብቅ ሆኖ ያድጋል።

በ1971 ዓ.ም. ሽብሩ ከመንገድ ጠፍቶ ወደ እስር ቤት ውስጥ ገባ። ኃይሌ ፊዳ በዚያ ዓመት ከእስር ቤት ተወስደው ተገደሉ። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ክረምት ተገደሉ። ሐምሌ 21 ቀን የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ውስጥ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሲወጡ ታፈኑ፤ መንግሥት እጄ ላይ የሉም አለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ታስረው ወደ አሥር ዓመት ገደማ ማቀቁ። የቤተሰቡ ልጆች አባታቸው በሕይወት ይኑር አይኑር ሳያውቁ፣ እናታቸውም እስር ቤት ሆና አደጉ። እንደ አጋጣሚ በዚሁ ዓመት ጥር ላይ የምዕራብ ጀርመን ቴሌቪዥን ሆሎኮስት የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም አሳየ። 20 ሚሊዮን የሚሆን ተመልካች አየው፤ በብዙ የጀርመን ቤት ልጅና አባት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጉዳዩ አፍ አውጥተው ተነጋገሩ። አንዱ አገር መናገር በጀመረበት ዓመት ሌላው አፉን ዘጋ።

በቀጣዮቹ አሥራ ሁለት ዓመታት ያደጉት ልጆች ሁለት ታሪክ ይዘው ነበር የሚውሉት። በትምህርት ቤት መዝሙሩ፣ የወጣቶች ማኅበሩ፣ የአብዮት በዓል ሰልፉ፣ በየፖለቲካ ትምህርቱ የሚነገረው የአናርኪስቶች ሽንፈት አለ። በቤት ምንም የለም። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፊደል አስቆጥሯል፤ ለደርግ ከሚጠቀሱለት ጥቂት በጎ ሥራዎች አንዱ ነው። ልጅ ማንበብ ቻለ፤ ስለ ቤቱ የሚነበብ ወረቀት ግን ተቃጥሎ ነበር። ከ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በኋላ ደግሞ አፈሳ መጣ። እናቶች ወንድ ልጆቻቸውን ጎተራ ውስጥና ዘመድ ቤት ደበቁ። ስለ ፖለቲካ ዝም ማለት ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው እንደ ንብረት ተላለፈ።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ወደ ዚምባብዌ ሸሹ፤ ግንቦት 20 ቀን ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። የጅምላ መቃብሮች ይቆፈሩ ጀመር። የቄስ ጉዲና አጽም ተገኝቶ ሰኔ 20 ቀን 1984 ዓ.ም. በክብር አረፈ፤ የንጉሡና የአቡነ ቴዎፍሎስ አጽምም በዚያው ዓመት ተገኘ። የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ለቁፋሮው ሥራ እርዳታ ሰጥተዋል። ጥቁር የለበሱ እናቶች የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ ከሣጥን አውጥተው አደባባይ ሲቆሙ አንዳንድ የልጅ ልጆች ያን ፊት ያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ለተጎጂው ወገን ዝምታው ቢያንስ በሕግ ፊት አበቃ።

ለሌላው ወገን ግን ጀመረ። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በ5,198 ሰዎች ላይ ክስ መሠረተ። ከእነዚህ 146ቱ ፖሊሲ አውጪና ውሳኔ ሰጪ፣ 2,433ቱ ትእዛዝ አስተላላፊ ባለሥልጣናት፣ 2,619ኙ ደግሞ በቀጥታ ፈጻሚዎች ተብለው ተመደቡ። 2,246ቱ በእስር ላይ ሆነው፣ 2,952ቱ በሌሉበት ተከሰሱ። ዋናው ችሎት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የአንዳንዶቹ ጉዳይ በውክልና በክልል ፍርድ ቤቶች ታየ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. መንግሥቱ በሌሉበት ጥፋተኛ ተባሉ። ጥር ላይ የዕድሜ ልክ እስራት፣ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ደግሞ በይግባኝ የሞት ቅጣት ተወሰነባቸው።

ችሎቱ ለአገሪቱ የሰጠው ጥቅም የማይናቅ ነው፤ ደርግ ትእዛዙን በወረቀት የሚያስተላልፍ መንግሥት ስለነበር የግድያ ውሳኔዎች በፊርማና በማኅተም ቀርበዋል። በቤት ውስጥ ግን የክሱ ዘመን አፍ አላስከፈተም። በምርመራው ዓመታት አንድ የቀድሞ የቀበሌ ጥበቃ ለልጁ የሚናገረው ቃል ማስረጃ ሊሆንበት ይችላል። ልጁም ባይጠይቅ ይሻለዋል፤ ካወቀ ይመሰክራል ወይም ይዋሻል። ስለዚህ ክሱ የሟቾችን ስም ከመርሳት ሲያድን የሌላው ወገን ልጆች ከአባታቸው ጋር ሊነጋገሩ የሚችሉባቸውን ዓመታት አሳለፈ። ክሶቹ ሲያልቁ አባቶቹ አርጅተው ነበር።

ከ400,000 በላይ የሚሆነው የተበተነው የደርግ ሠራዊት ሌላ ታሪክ ነው። በየመንገዱ በእግሩ እየተጓዘ፣ አንዳንዱም እየለመነ፣ ወደ ምዕራብ ሸዋ መንደሮች የተመለሰ ወታደር ስለ አፍአበት ወይም ስለ ቀይ ባሕር ዳርቻ ቢያወራ የሚሰማው አልነበረም። ለአዲሱ መንግሥት የደርግ ወታደር ነው፤ ለጎረቤቱ ተሸናፊ ነው። ልጆቹ የሚያውቁት ቁስሉን እንጂ ጦርነቱን አይደለም።

በምዕራብ ሸዋ ሁኔታው ሌላ ንብርብር ተጨመረበት። በሽግግሩ መንግሥት የነበረው የኦሮሞ ነፃነት ግንባር በሰኔ 1984 ዓ.ም. ከመንግሥት ሲወጣ በሺዎች የሚቆጠሩ ታጋዮቹ ሁርሶና ደዴሳን በመሳሰሉ ካምፖች ታሰሩ። ኦነግ የሚለው ስም ቀድሞ አናርኪስት የሚለው ቃል የያዘውን ቦታ ያዘ። ስለ 1970 ለልጁ ሊናገር ይችል የነበረ አባት አሁን ስለ 1984 ዝም የሚልበት ምክንያት አገኘ። ስለዚህ የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ከ1983 በኋላ ስለ ሟቾቻቸው መጻፍና መናገር ሲጀምሩ ከአምቦ ወደ ምዕራብ ባሉ ብዙ ቤቶች ምሥጢሩ በምሥጢር ላይ ተደረበ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አምቦ ላይ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ምክንያት በተነሣው ተቃውሞ ተማሪዎች ተገደሉ፤ ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ የተጀመረው ተቃውሞ በመላው ኦሮሚያ ተዳረሰ። እነዚያ ወጣቶች በአብዛኛው የቀይ ሽብር ዘመን ሕፃናት ልጆች ናቸው። አያቶቻቸው ወይም አጎቶቻቸው በዚያው ከተማ ከአርባ ዓመት በፊት ምን እንደደረሰባቸው ያወቁት ጥቂቶቹ ይመስላል።

ታሪኩ ባልተጠበቀ ቦታ የፈነዳው በስደት አገር ነው። አትላንታ ውስጥ በአንድ ሆቴል ትሠራ የነበረች እድገየሁ ታዬ፣ በአዲስ አበባ ከቀበሌ በላይ የነበረው እርከን፣ የከፍተኛ 9፣ ሊቀ መንበር የነበረውን ቀልቤሳ ነገዎን በዚያው ሆቴል ሠራተኛ ሆኖ አገኘችው። እርሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች ከስሰው እ.ኤ.አ. በ1993 የ1.5 ሚሊዮን ዶላር ፍርድ አገኙ፤ ተከሳሹም በጥቅምት 1999 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። ዴንቨር ውስጥ ደግሞ የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ የነበረ ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁ በሌላ ሰው ስም፣ የሌላ ሰው ልጆች አባት ተብሎ አሜሪካ ገብቶ ሲኖር የቀድሞ እስረኛ ለየው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት በጎጃም ደብረ ማርቆስ ለተፈጸመው የ75 ሰዎች ግድያ እሸቱ ዓለሙን በዕድሜ ልክ እስራት ቀጣ።

ኪነ ጥበቡም ብዙ ጊዜ ከውጭ ነው የመጣው። የኃይሌ ገሪማ ጤዛ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የተሸለመው፣ ጀርመን የተማረ ሐኪም ተመልሶ የሚገጥመውን ይተርካል። በካናዳ ያደገችው ታማራ ማርያም ዳዊት በ2012 ዓ.ም. ባወጣችው ዘጋቢ ፊልም የአባቷን እኅት ሰላማዊትን ፍለጋ ትነሣለች፤ ሰላማዊት የዲፕሎማት ልጅ ሆና ኢሕአፓን ተቀላቅላ የቀረች ናት። ታማራ እንዲህ ያለች አክስት እንዳለቻት ያወቀችው አድጋ ካበቃች በኋላ ነው። ፊልሙ ውስጥ ትልቁ ነገር የእኅቶቹ ሁኔታ ነው፤ ለአሥርተ ዓመታት ስሟን ያላነሡት ስላልወደዷት አልነበረም።

ጀርመኖች በዚህ ረገድ የደረሱበት አንድ ጥናት ለኢትዮጵያ አንባቢም ይጠቅማል። ሃራልድ ቬልትዘርና ባልደረቦቹ 40 ቤተሰቦችን በሦስት ትውልድ አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ የልጅ ልጆች ናዚ ወንጀለኛ መሆኑን ጠንቅቀው ቢያውቁም የራሳቸውን አያት ግን ተቃዋሚ ወይም ተጎጂ አድርገው ይተርኩታል። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ በሟቾች ፎቶግራፍ ተሞልቷል፤ የራስ ቅሎችና አጥንቶችም በመስታወት ውስጥ አሉ። አባቴ በዚያ ቀበሌ መርማሪ ነበር ብሎ በስሙ የጻፈ የኢትዮጵያ ልጅ ማግኘት ግን ይቸግራል። የሁለቱ አገሮች ልዩነት ከዚህ የሚነሣ ይመስላል፦ በጀርመን ጠያቂ ሆኖ የተነሣው የተማረው ወጣት ነበር፤ በኢትዮጵያ በ1969 እና በ1970 በመንገድ ዳር የተጣለው ያው ወጣት ነው። ጥያቄው ለታናናሾቹና ለሕፃናቱ ቀረ፤ እነርሱ ደግሞ ዝም በል ተብለው ያደጉ ናቸው።

ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1102/2011 የእርቀ ሰላም ኮሚሽን ተቋቋመ፤ የሦስት ዓመት ዕድሜው አብቅቶ በ2014 ዓ.ም. ሲዘጋ አገራዊ የምክክር ኮሚሽን ተከተለው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸደቀ። ፖሊሲው የተዘጋጀው በሰሜኑ ጦርነት ማግሥት፣ በምዕራብ ኦሮሚያም ግጭት ሳይበርድ ስለሆነ የሕዝብ ዓይን የነበረው በቅርቡ በደል ላይ ነው። በቀይ ሽብር ዓመት የተወለደ ልጅ ግን በዚያን ጊዜ ወደ ሃምሳ ዓመት ተጠግቶ ነበር። በ1969 ዓ.ም. የ25 ዓመት የቀበሌ ሊቀ መንበር የነበረ ሰው ደግሞ ፖሊሲው ሲጸድቅ 72 ዓመቱ ነበር።